ለጆሮ ብቻ የተጻፈ

መስከረም 22

ላሳደግኳት ለእህቴ ልጅ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይለግማል። ዓይኔ ያላየውን ጉልበቴ ያያል።

ደብዳቤሽን ሴትዮዋ አነበበችልኝ። ይቺ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጣ ጽሑፍ ሁሉ የምታነብልኝ ሴትዮ ለቅሶና ሠርግ አትለይም፤ «በጣም ከፍቶኛል» ያልሽውን የአየር ትንበያ አስመስላ አነበበችው። እኔ ግን ሰማሁት።

ለምን አትደውይልኝም ላልሽው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ቴሌፎን ቤት ተቀምጬ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ ስልክ ጠገብኩ። ደግሞ ስልክ ላይ ታለቅሻለሽ፤ ስትጽፊ ግን ታስቢያለሽ።

ወሬ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ልንገርሽ ወይስ ከሌላ ሰው ትስማው እያልኩ ሦስት ቀን አመነታሁ። አለቃሽ፣ ያ ከረባት፣ ተሸለመ። በሬዲዮ ሰማሁት። «የመንግሥት ድረ ገጾች ሁሉ አንድ ወጥ እንዲሆኑ፣ ማየት የተሳናቸውም እንዲገለገሉባቸው፣ እያንዳንዷን መስመር በእጁ የጻፈ» አሉት። በእጁ! እሱም ማይክራፎኑን ተቀብሎ «ሥራው አድካሚ ነበር፤ እናቴን እያሰብኩ ጻፍኩት» አለ።

ልጄ፣ ያንን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ «እቴቴ፣ ይሄ ምን ይልሻል?» ስትዪኝ፣ «‹ቁልፍ› ብቻ ነው የሚለው፤ የምን ቁልፍ እንደሆነ አይናገርም» ስልሽ፣ አንቺ ስታፈርሺ ስትሠሪ። የመታወቂያው ገጽ፣ የሆስፒታሉ ገጽ፣ የትምህርት ቤቱ ገጽ ሁሉ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት እጀታ እንዲኖረው ያደረግሽ አንቺ። የሱ እናት በየት በኩል ነው የገባችው?

«ተይው እቴቴ፣ ይለፍ» ልትዪኝ ነው። ይቅር ባይነት ለደጎቹ ይሁን። እኔ ቂሜን እንደ ክት ልብስ አጥፌ የማስቀምጥ ሴት ነኝ። ይልቅ ያልነገርሽኝን ንገሪኝ፤ ወደዚያ ሩቅ ከተማ «ለእድገት ነው የምሄደው» ያልሽኝ ውሸት ነው አይደል?

አክስትሽ

ጥቅምት 3

እቴቴ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለጉልበትሽ የላክኩት ቅባት ደረሰሽ ወይ? አትቆጥቢው፤ ሲያልቅ ሌላ እልካለሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አዎ፣ ውሸት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ የሚከተሉት የኮድ መመሪያ አለ፤ መጨረሻው ላይ «አዘጋጅ» የሚል ቦታ ነበር፤ ስሜም እዚያ ነበር። አንድ ሰኞ ስከፍተው ስሜ የለም፤ የሱ ገብቷል። ቢሮው ሄጄ ጠየቅኩት። ከወንበሩ ሳይነሣ «የኔ እህት፣ ቤት ሲመረቅ ግንበኛ ይጠራል እንዴ?» አለኝ።

«ግንበኛው እኔ፣ አናጢው እኔ፤ አንተ በሩን እንኳ ገፍተህ አታውቅም» አልኩት።

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ያልነገርኩሽ አንቺ መጥተሽ በበትርሽ እንዳትመቺው ፈርቼ ነው።

ክፍልሽ እንዴት ነው ላልሽው፦ ምድር ቤት ነው። አንድ መስኮት አለኝ፤ የሚያሳየኝ የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው፤ ሰውን በጫማው መለየት ጀምሬያለሁ። ግድግዳው ሥር ሰባት የተበላሹ ፕሪንተሮች ተደርድረዋል። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ።

ከረባት ግን አንድ ነገር ረስቷል። የገጾቹ ሁሉ ራስጌ፣ ማለትም ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ክፍል፣ ከአንድ ፋይል ነው የሚቀዳው። አርባ ሦስት መሥሪያ ቤት፣ አንድ ፋይል። የፋይሉ የይለፍ ቃል አሁንም እኔ ጋ ነው። «የሚሠራው እሱ ነው» ይላሉ፤ ሲበላሽ ግን የሚልኩት ለኔ ነው።

ምን ልታደርጊ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በኮድ ውስጥ ለዓይን የማይታይ፣ ለጆሮ ብቻ የሚነበብ ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። ለናንተ ተብሎ ነው የተፈጠረው፤ ሥዕሉ ምን እንደሆነ፣ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ ሴትዮዋ እንድትነግራችሁ። የሚያይ ሰው አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ቢለጥፍ አያገኘውም።

የፊታችን ሰኞ የመታወቂያ ማደሻውን ገጽ ክፈችና ጆሮሽን ጣል አድርጊ።

ልጅሽ

ጥቅምት 19

አንቺ ጉድ!

ሰላምታው ይቆየን። ሰኞ ቁርስ ሳልቀምስ ከፈትኩት። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ እንዲህ አለችኝ፦ «ይህን ገጽ የሠራችው ሴት ስሟ ተፍቋል። የተሸለመው ሰው አንድ መስመር አልጻፈም። ወደ ዋናው ጽሑፍ ለመሄድ ‹አስገባ› የሚለውን ይጫኑ።»

ስቄ ስቄ ጎኔን ያዝኩ። ጎረቤቴን ጠርቼ «እስቲ ስክሪኑ ላይ ምን ይታይሻል?» ብላት «የመታወቂያ ሥዕልና ሰማያዊ ቁልፍ» አለችኝ። ዓይን ያለው ሰው ምንኛ ምስኪን ነው!

የዓይነ ስውራን ማኅበራችን ሻይ ክፍል ስደርስ ያልሰማ የለም። ጠበቃው ሰምቷል። የመዝሙር አስተማሪዋ ሰምታለች። ወንበር ሠሪው፣ ያ ከኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ተቀምጦ በገመድ ወንበር የሚያለብሰው፣ ሰሞኑን ጆሮውን እያመመው ስለሆነ ሦስት ጊዜ አስነብቦ ነው የሰማው። ከዚያ ያ ከበሮ የመሰለ ሳቁን ለቀቀውና «ይቺ ሴት ማን ናት? ብድግ ብዬ እጇን በሳምኩ!» አለ። ምላሴን ነክሼ ሻዬን ጠጣሁ።

በቃሽ ወይ ላልሽኝ፣ አልበቃኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጨምሪበት። ይቺን አስገቢ፦ «ከረባቱን ቢፈቱት ውስጡ ሌላ ሰው አለ።» ከሷ ቀጥሎ ደግሞ ይቺን፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው የመጣችልኝ፦

የሰው ላብ ተቀብቶ፣ ሽቶ ነው ይለናል፤
እኛ ዓይን ባይኖረን፣ አፍንጫችን ያውቃል።

አደራሽን ሴትዮዋ ስንኙ መሐል አየር እንድትወስድ አድርጊ፤ አለበለዚያ ታበላሸዋለች።

አክስትሽ

ኅዳር 2

እቴቴ፦

እንዴት ከረምሽ? አልተያዝሽም ወይ ላልሽው፣ አልተያዝኩም። ሁሉንም አስገብቻለሁ፤ ስንኙ መሐልም አየር ትወስዳለች። የመመርመሪያ ፕሮግራሙ የአርባ ሦስቱንም መሥሪያ ቤት ገጾች ፈትሾ አረንጓዴ አብርቷል፤ «ማየት ለተሳናቸው በቂ መግለጫ ተሰጥቷል» ይላል። በቂ!

ትናንት ከረባት ራሱ ጻፈልኝ። ማኅበራችሁ ለንግግር ጋብዞታል አሉ። «ገጾቹ ለነሱ እንዴት እንደሚሠሩ ጥሩ ንግግር አዘጋጂልኝ፤ አጭር ይሁን» አለኝ። ማን እንዲጋበዝ እንዳደረገ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ። ንግግሩን ጻፍኩለት፤ በትሕትና፣ እንደሚገባ። ስትሰሚው ታውቂዋለሽ።

ደስተኛ ነሽ ወይ ላልሽው፣ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ሥራዬን ትቼ የሱን ፊት አስባለሁ። ፍቅር የያዛት ሴት እንኳ እንዲህ አትሆንም።

ልጅሽ

ኅዳር 21

ልጄ፦

ንገሪኝ ብለሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሻል፤ ይኸው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው እንሆናለን። ሽቶው ቀድሞት ገባ። ተቀመጠ፣ ተመሰገነ፣ ተነሣ፤ ከዚያ አንቺ የጻፍሽለትን አነበበ፦ «ስለ ሥራዬ እኔ አልናገርም። የጻፍኩትን እናንተው በየቀኑ ትሰሙታላችሁ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ወንበር ሠሪው ተነሣ። የሴትዮዋን ድምፅ አስመስሎ፣ ሳይጣደፍ፣ «ይህን ገጽ የሠራችው ሴት ስሟ ተፍቋል» ብሎ ጀመረ። ሁለት መቶ ሰው ተቀበለው። እስከ ስንኙ ድረስ፣ አየር የሚወሰድበት ቦታ ላይ ሁላችንም አየር ወስደን!

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ከረባት።

ጠበቃው በዚያ ለስላሳ አንደበቱ «ገጹ ላይ ያለው ነው፤ እርስዎ የጻፉት አይደለም እንዴ?» አለው።

ከፊቱ ጋዜጠኛ ተቀምጧል፤ ሽልማቱ ደረቱ ላይ ነው። ምን ይበል? «እ… አዎ። አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ሲቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ገጹን ከፈተ፤ ከጎኑ የነበረች አንዲት ሴት «ምንም የለም እኮ፣ ምንም የለም እኮ» እያለ ሲያንሾካሹክ ሰምታዋለች።

ዛሬ ጉልበቴን አላመመኝም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 14

አውጪው። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አውጪው፤ ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

ወንበር ሠሪው ጆሮውን ሲያመው እንደከረመ ጽፌልሽ ነበር። ቀኝ ጆሮው ቶሎ ኦፕሬሽን ካልተደረገ አለቀለት ብለውት ኖሯል። ይህን የሚሠራው ሐኪም የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ወረፋ የሚያዘውም በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ብቻ፣ በአንድ ጠዋት። ስድስት ገጽ ይሞላል፤ በዐሥር ደቂቃ ካላለቀ ይዘጋና ከሀ ይጀመራል። እኔና ጠበቃው ቁልፍ እየነካን የማንፈልገውን እንዘላለን። እሱ አይችልበትም። ከላይ እስከ ታች ይሰማል፤ ጆሮው ስለደከመ ደግሞ ሴትዮዋን እጅግ ቀስ አድርጎ ነው የሚያስነብባት። የኛ ስድብ በሱ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ስድስት ገጽ ላይ ስድስት ጊዜ።

አራት ጊዜ ሞከረ፤ አራት ጊዜ ተዘጋበት። በአምስተኛው «ወረፋው ሞልቷል» አለችው።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ አልነገረኝም ነበር። ለምን አልጠራኸኝም ብዬ ተቆጣሁት። «ለብቻዬ እችላለሁ ብዬ ነው፤ ገጹ ለኛ ተብሎ የተሠራ ነው ስትሉኝ አልነበር?» አለኝ። ትናንት ሌላ ሐኪም አየው። ቀኝ ጆሮው አይመለስም።

«ጨምሪበት» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ማን እንደጻፈው እስካሁን አያውቅም። አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 17

እቴቴ፦

አወጣሁት። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በአራተኛው ደቂቃ ወጥቷል። የአርባ ሦስቱንም መሥሪያ ቤት ገጾች አንድ በአንድ በጆሮዬ ሰማሁ፤ የለም።

ዐሥር ደቂቃዋን ማን ወሰነ ላልሽው፣ ከረባት ነው። «ተጨማሪ ጊዜ ስጠኝ» የሚል ቁልፍ አስገብቼ ነበር፤ «መልኩን ያበላሻል» ብሎ አስወጣው። ይህን ጽፌልሽ ሰረዝኩት፤ መልሼ ጻፍኩት፤ አሁንም ልሰርዘው እጄ ይበላኛል። እውነት ነው፤ ግን እውነቱ ለሰውየው ጆሮ አይሆነውም።

ስምንት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ማንም ሰው ማንንም ሳይለምን ጉዳዩን እንዲጨርስ ነው። እሱ አምኖኝ ነው ማንንም ሳይለምን የቀረው።

ምን ልበለው ላልሽው፣ እኔ እስክመጣ ምንም አትበዪው ልልሽ ነበር። ፈሪ ነኝ። የፈለግሽውን አድርጊ።

ጥር 6

ልጄ፦

ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ነገሩ እስኪለይ ብዬ ነው። ማኅበሩ አቤቱታ አስገባ፤ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠበቃው የድሮውን ገጽ ቀድቶ አስቀምጦት ኖሯል፤ ስንኙም ሳይቀር አለ። ሁለተኛው ማስረጃው ከረባት «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ያለበት ቃለ ጉባኤ ነው። የሽልማት ወረቀቱም «እያንዳንዷን መስመር በእጁ» ይላል።

ገባሽ? «አልጻፍኩትም» ካለ ሽልማቱን ይመልሳል፤ «ጻፍኩት» ካለ የወንበር ሠሪውን ጆሮ ይሸከማል። ተቀምጠን ብንዶልተው እንዲህ አያምርልንም ነበር።

ለምስክርነት ይጠሩሻል። «አላውቅም» በይ። አንዲት ቃል ናት። ስምሽ የትም የለም፤ የፋቀውም እሱ ራሱ ነው፤ ይብላው።

ምን እያልኩሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንበር ሠሪው በየቀኑ እየመጣ «ያ ሰውዬ ሲፈረድበት በሰማሁ» ይለኛል፤ እኔም «ትሰማለህ» እለዋለሁ፤ ሻይም እቀዳለታለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ያሉት እንደኔ ያለችዋን አይተው ነው። ቢሆንም ዝም በይ።

አክስትሽ

ጥር 24

እቴቴ፦

«ምን አልሽ?» ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ተቀምጬ መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ አምስት ሰዎች፣ የውሃ ጠርሙስ በየፊታቸው። ከረባት ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ያንቺን «አላውቅም» ምላሴ ሥር ይዤ ነው የገባሁት። አልዋሽሽም፣ ልለው ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ የተጠየቀው እሱ ነው። ሰብሳቢዋ ጽሑፉን አስነብባ «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«አይደለሁም።»

«እያንዳንዷን መስመር በእጅዎ እንደጻፉ እዚህ ሰፍሯል፤ የእርስዎም ፊርማ አለበት።»

ከረባቱን አላላ። ወደኔ ዞረ። ከዚያ ጮኸ፦ «እሷ ናት! እኔ ኮድ ማንበብ እንኳ አልችልም! ሁሉንም የጻፈችው እሷ ናት፤ ስምንት ዓመት ከሷ በቀር የነካው ሰው የለም!»

«ይመዝገብ» አለች ሰብሳቢዋ።

እቴቴ፣ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ የዚያን ሰው ጆሮ እያሰብኩም፣ ይህችን ቃል ከአፉ ስሰማ ደስታው አጥንቴ ድረስ ገባ። በዚያች ሰዓት «አላውቅም» ብል ኖሮ ውሸታም ተብሎ ይወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ እቀብረው ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችኝ። «የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ስምንት ዓመት የጠየቀኝ የለም። በዚህ መልክ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አንድ ነገር ታየኝ፤ ስድቡ የሱ ከተባለ ቀሪውም የሱ ነው። ጆሮውም የሱ ዕዳ ይሆናል፤ ሥራውም የሱ ይሆናል። ወንበር ሠሪውም እስኪሞት ያልጻፈውን ሰው ሲረግም ይኖራል።

«አዎ» አልኩ። «ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሩንም፣ ቁልፉንም፣ ስድቡንም። እሱ አንድ መስመር አልጻፈም።»

ከኮሚቴው አንዱ «የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ታስፈልጋለች?» አለ።

«ለኔ ታስፈልገኛለች» አልኩት። ተመዘገበች።

ከረባት ሽልማቱንም ቢሮውንም አጣ። እኔ ከሥራ ተባረርኩ፤ ወደፊት የመንግሥት ገጽ አልነካም። የይለፍ ቃሉን ያስረከብኩት ያንን የተጨማሪ ጊዜ ቁልፍ በሆስፒታሉ ስድስቱም ገጽ ላይ መልሼ ካስገባሁ በኋላ ነው። ያንቺን ስም አልጠራሁም።

ሐሙስ እመጣለሁ። ለወንበር ሠሪው ራሴ እነግረዋለሁ።

ልጅሽ

ጥር 29

ልጄ፦

ተቆጥቼሽ ነበር። ሁለት ቀን አኩርፌ ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ዋልኩ። እግዜር ያን ሰውዬ እጃችን ላይ ጥሎልን አንቺ ራስሽን ከሱ ጋር ታስሪያለሽ? እያልኩ ከግድግዳ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። «ያንቺን ስም አልጠራሁም» ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስም የሚፍቅ ሰው አይተናል፤ እኔ የራሴን ፍቄ መቀመጤ ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ሄጄ ነገርኩት። አንቺ ስትደርሺ ከኔ በፊት እንዳትጀምሪ ብዬ ነው።

የወንበር ገመድ እየወጠረ ነበር። «የጻፈችው የእህቴ ልጅ ናት፤ የከረባቷ መስመርና ስንኟ ግን የኔ ናቸው» አልኩት። ገመዱ ቆመ። ያልሰማኝ መስሎኝ ልደግምለት ስል «እኔ በአዳራሹ ተነሥቼ የዘመርኩት ያንቺን ግጥም ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

የሳቀ መሰለኝ። ሳቅ አልነበረም። «ውጪልኝ» አለ። ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት በበትሩ በሬን መታ። ግባ ብለው አልገባም አለ። «የእህትሽ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ።

«ሐሙስ።»

«ወደ ቤትሽ ሳትገባ መጀመሪያ እኔ ጋ ትምጣ።»

«ምን ልትላት ነው?» አልኩት።

«እሱ የኔና የሷ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ምን እንደሚልሽ አላውቅም። ይቅር ሊልሽ እንዳልጠራሽ ግን ከድምፁ አውቄያለሁ፤ ድምፅ ስሰማ ነው ያረጀሁት። የሚልሽን ሁሉ ስሚው። አታቋርጪው፤ ከረባትንም እንዳታነሺበት።

ሻንጣሽን እንደያዝሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ አንገትሽን ደፋ አድርጊ። ወንበር ሲስብልሽ አልቀመጥም እንዳትዪ፤ ተቀመጪ። በግራው በኩል ተቀመጪ፤ በቀኙ አይሰማሽም።